ከማንደጃው ከሰል የወጣ ቁራ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ መዋል ጀመረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሚጣ ነው የምላት። እናትና አባቷ ጠዋት ወጥተው የሚገቡት ማታ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ቤቱን የምንጋራው እሷ፣ እኔ፣ ጠዋት ጠዋት መጥታ የምታግዘን ሠራተኛና የእናቷ አሮጌ ስልክ ነበርን። ከሁላችንም ብዙ የሚያወራው ስልኩ ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይመጣ ቀረና የስልኩም ባትሪ አለቀ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ። ሚጣ ድምፅዋ ሲጠፋብኝ ዞር ብዬ ባይ፣ ቡና ከተፈላበት ማንደጃ ውስጥ የጠፋ ከሰል አንስታ ሲሚንቶው ላይ ተደፍታ ትስላለች። ወፍ ነው። ሁለት ቀጫጭን እግር፣ አንድ ክብ ዓይን፣ ክንፉ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንድ በአንድ የተደረደረ ላባ። ሠራተኛዋ ወጥታ «ኧረ ሲሚንቶውን አጠቆርሽው!» ስትል፣ «ተዪያት፣ ውኃ ያነሳዋል» አልኳት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመሳል ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ሥዕል አይደለም። ድራፍትስማን ነበርኩ። የመንገድ፣ የድልድይና የቱቦ ንድፍ በቀለም እስክሪብቶና በማስመሪያ ስስል ነው ጡረታ የወጣሁት። በዚያ ሥራ መስመር እንጂ ጥላ የለም። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ወረቀቱ ይጣላል። ጥላ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ገና ሥራ ሳልይዝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ በተከታተልኩት የማታ የሥዕል ኮርስ ላይ ነው። አስተማሪያችን ዛሬ የመሥራቹን የሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላምን ስም የያዘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ያመጣልን አንድ እንቁላል፣ አንድ ሻማና አንድ ጣሳ ከሰል ነው። እርሳስ የያዘ ሰው ካለ ኪሱ ውስጥ እንዲከት ነገረን። ያ ማታ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግን ሚጣ የደረደረችውን ላባ ሳይ ትናንት የሆነ ያህል መጣብኝ።

«ወፏ ታምራለች» አልኳት። «ግን መጥታ ወረቀት ላይ የተለጠፈች ነው የምትመስለው። ክብ እንድትሆን ትፈልጊያለሽ?»

«ክብ ወፍ አለ እንዴ አባባ?»

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ ስለ ከሰሉ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከልጁ ጋር የሚሞክር ወላጅ ቢኖር እንዳይሰለች። የማንደጃ ከሰል ለሥዕል ይሆናል፤ ግን ጠባየኛ ነው። ከግራር የከሰለው ጠንካራ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል። ከባሕር ዛፍ የሆነው ትንሽ ይሻላል። ለሥዕል የሚመረጠው ከቀጭን ለስላሳ እንጨት የከሰለ ነው። በሌላው ዓለም ለዚህ የሚጠቀሙት የወይን ሐረግና አኻያ ነው። አኻያ ደግሞ የእኛም ወንዝ ዳር የሚያበቅለው ዛፍ ነው። እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፦ ከእርሳስ ትንሽ ወፈር የሚሉ የደረቁ ጭራሮዎች ልጣቸውን ላጥን። በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አጥብቀን ደረደርናቸው። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ በሳሁትና ውጭ፣ ግቢ ውስጥ፣ የተያያዘ ፍም ላይ አስቀመጥኩት። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲቆም እንጨቱ ከስሏል ማለት ነው። አየር ስለማያገኝ አመድ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ድረስ ግን መክፈት አይገባም፤ ትኩሱን ከከፈቱት አየር ያገኝና ይያያዛል። እኛም አንዱን ቆርቆሮ በችኮላ እንዲሁ አመድ አድርገነዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደጅ ነው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው እንደሚገድል በየክረምቱ የምንሰማው ነውና ነግሬያችኋለሁ። እሳቱም የአዋቂ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት እንቁላል ነበር። እንቁላሉን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ መስኮቱ በግራ በኩል እንዲሆን አደረግሁ። የሌላውን መስኮት መጋረጃ ዘጋሁ። ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ ከመጣ ጥላ እርስ በርሱ ይጣላል፤ ልጅ ደግሞ ግራ ይገባዋል። ከዚያ «ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እይው» አልኳት። ዓይን ሲጨፈን ትንንሹ ነገር ሁሉ ይጠፋና ብርሃንና ጨለማው ብቻ ይቀራል።

«ምን ታያለሽ?»

«በዚህ ነጭ፣ በዚያ ጥቁር።»

«መሃሉስ?»

ዝም ብላ ቆየች። «መሃሉ እየጠቆረ ይሄዳል። ከዚያ ጫፉ ጋ ተመልሶ ትንሽ ነጭ ይላል።»

ይህን በራሷ ማየቷ አስገርሞኛል፤ እኔ በወጣትነቴ አስተማሪዬ እስኪያሳየኝ አላየሁትም ነበር። በጥላው በኩል ያለው ጫፍ ከጠረጴዛው ላይ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ስለሚያገኘው ትንሽ ይፈካል። በጣም የሚጠቁረው የእንቁላሉ ጠርዝ ሳይሆን ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ቦታ ነው። ጠርዙን አጥቁራችሁ ከሳላችሁ እንቁላሉ የተቆረጠ ካርቶን ይመስላል። ገባ ብላችሁ ካጠቆራችሁ ይከብባል። ሌላ ምስጢር የለውም። ከእንቁላሉ ሥር ጠረጴዛው ላይ የሚወድቀው ጥላም አለ። እሱ እንቁላሉ አጠገብ ጠቁሮ ይጀምርና እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። እሱን ካልሳላችሁ እንቁላሉ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ላጲስ አልተጠቀምንም። የዳቦ ውስጡን በጣት አድቦልቡሎ ከሰሉን እየነኩ ማንሳት ይቻላል። ላጲስ ከመሠራቱ በፊት ሠዓሊዎች የሚያጠፉት በዳቦ ነበር። ሚጣ ወረቀቱን በሙሉ በከሰል ታጠቁርና በዳቦ እየነካካች ብርሃኑን ትገልጠዋለች። መስመር ሳትስል እንቁላል ከጨለማው ይወጣል። ይህን በጣም ወደደችው። እኔም ወደድኩት፤ ምክንያቱን ግን ያኔ አላሰብኩበትም። ቀጭን መስመር መሳል ከተውኩ ቆይቻለሁ። «እጄ ደከመ» እል ነበር።

ወፍ እንቁላል ነው። ትልቅ እንቁላል ሰውነቱ፣ ትንሽ እንቁላል ራሱ፣ በመካከል አንገት። ይህን ከተቀበላችሁ ስለ ላባ መጨነቅ ይቀራል። ልጆች ላባን አንድ በአንድ የሚደረድሩት ወፍ ላባ እንዳለው ስለሚያውቁ ነው፤ ከሩቅ ላባ አይታይም። የሚታየው ብርሃን ያረፈበት ጀርባና ጥላ ያረፈበት ሆድ ነው። ላባ የሚሳለው ብርሃንና ጥላው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነው። የቀረውን የሚያየው ሰው ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ነጭ እርግብ እንኳ ሆዷ በጥላ ሲሆን ግራጫ ናት። ሚጣ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ቀን ተከራክራኛለች። «ነጭ ናት፣ እንዴት አጠቁራታለሁ?» በመጨረሻ አንድ ነጭ ወረቀት ጥላ ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ጫማ ፀሐይ ላይ አድርገን ዓይናችንን ጨፍነን አየን። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ይህን ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋት «ጫማው» ትላለች።

ለወረቀት ያገኘነው ምርጥ ነገር ካኪ ነው፤ ደብተር የምንለብድበት። ቡናማ ስለሆነ ራሱ መካከለኛውን ጥላ ይሰጣል። ከሰሉ ጨለማውን ይሠራል፣ ነጭ ጠመኔ ደግሞ ብርሃኑን። ወረቀቱን ለመሃሉ መተው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሸት ግን አይገባም፤ ጠመኔና ከሰል ከተቀላቀሉ የሞተ ግራጫ ይሆናሉ፣ ያንን ደግሞ ዳቦም አያነሳው። ይህን ሕግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የጣስኩትም እኔው ነኝ።

ወደ ጳጉሜን ሲጠጋ ሰማዩ መከፈት ጀመረ። ደመና በሞላበት ቀን ብርሃን ከየትም ስለሚመጣ ወፍ ጠፍጣፋ ናት። ፀሐይ ሲወጣ፣ በተለይ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ሁሉም ነገር ቅርጽ ያገኛል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሚቆም መሳል ከንቱ ድካም ነው። እኛም ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተን መጠበቅ ጀመርን።

የምንጠብቀው ቁራ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሥጋ ቤት አለ። ቁራው በየጠዋቱ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያርፍና ሥጋ ቤቱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ባለ ወፍራም ምንቃሩ የደጋ ቁራ ነው። በመጠን ከዓለም ትልልቅ ቁራዎች አንዱ ሲሆን ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አይገኝም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል ነው እ.ኤ.አ. በ1836 በሳይንስ ስም የመዘገበው፤ ስሙም «ባለ ወፍራም ምንቃር» ማለት ነው። እኛ አገር ቁራ ስሙ የጎደፈ ነው። ኖኅ ልኮት ሳይመለስ ስለቀረ ተልኮ የሚቀርን ሰው ሁሉ «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። ለከሰል ግን ከእሱ የተሻለ ወፍ የለም። ጥቁር ነው ብላችሁ ስትጀምሩ ጥቁር አለመሆኑን ታያላችሁ። ጀርባው ላይ ሰማዩ ያንጸባርቃል፤ በእውነት ጥቁር የሚሆነው ከክንፉ ሥርና ከምንቃሩ በታች ነው።

አንድ ጠዋት ሁለታችንም ሳልነው። እሷ የራሷን ካኪ፣ እኔ የራሴን ይዤ። ቁራው በዕድላችን ብዙ ቆየ። የእኔን ስጨርስ ወደ እሷ ወረቀት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰውነቱ ክብ ነው፣ ጣሪያው ላይ የወደቀው ጥላም አለ። እውነቴን ነው፣ ከእኔ ይበልጣል። ግን ማጅራቱ ላይ በጠመኔ አንድ ትልቅ ነጭ አድርጋበታለች።

«ይሄ ነጭ ምንድን ነው?»

«ያለው ነዋ።»

እኔም ጠበቅ ብዬ፣ «የሚታይሽን እንጂ የምታውቂውን አትሳይ አላልኩሽም? መጽሐፍ ላይ አይተሽ ይሆናል። ከዚህ ሆኖ አይታይም» አልኳት።

«ይታያል አባባ።»

«አይታይም!»

ይህን ብዬ፣ ሳላስብ፣ የያዝኩትን ዳቦ ወረቀቷ ላይ አሳረፍኩና ነጩን አሸሁት። ጠመኔው ከከሰሉ ጋር ተደባልቆ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «አባባ፣ አይታይህም እንዴ?» አለችኝ። (እናቷ «እርስዎ በይ» እያለች ትቆጣታለች፤ አንተ እንድትለኝ የፈቀድኩላት እኔ ነኝ።)

አይታየኝም ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ደጋ ቁራ ማጅራቱ ነጭ መሆኑን ማን ያጣዋል? ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን የጠዋቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ለእኔ ነጩ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ፤ ቁራው ጥቁር ጉም ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ላባ አትሳይ፣ ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ፣ ብርሃንና ጥላውን ብቻ እይ የምላት ሁሉ ትክክለኛ ትምህርት ነው። ግን እኔ ዓይኔን ሳልጨፍንም እንደዚያ ነበር የማየው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ማታ ለቅሶ ቤት መሄድ ትቼ «ብርዱ አይስማማኝም» እል ነበር። የመኪና መብራት ፊቴ ሲመጣ እንደ ጭጋግ ይበተንብኛል። ቡና ስቀዳ ሲኒው ሞልቶ ሲፈስ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ነው የማውቀው። ጋዜጣ «አሁን ምን ይነበባል» ብዬ ተውኩ። ልጄ ዓይኔን ታሳየኝ ዘንድ ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ሁለቱንም ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። የፈራሁት ምኑን ነው? ምናልባት «አይመለስም» መባልን። የአጎቴ ዓይን ሳይመለስ ቀርቷል።

ማታ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ሚጣ ገና ቦርሳዋን ሳታነሳ «ማሚ፣ አባባ ነጩን አያየውም» አለቻት። ነገሩ ያለቀው በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው። ልጄ ምንም አልተናገረችም። ወደ ጓዳ ገብታ ስልክ ደወለች።

የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። «አባቴ፣ እርስዎ ያልመጡት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ ሳትጠብቅ አስረዳችኝ። በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ በዕድሜ ብዛት እየደፈረሰና ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። መነጽር አያጠራውም፣ የሚንጠባጠብ መድኃኒትም አይገፈውም። መፍትሔው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋነኛው ምክንያት ይህ ሊድን የሚችለው በሽታ መሆኑን ስትነግረኝ አንገቴን ደፋሁ። ስለ አጎቴ ስነግራት የእሱ ግላኮማ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ግላኮማ ያጠፋው እይታ አይመለስም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የቀረውን ማዳን ይቻላል። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ እንጂ የቤት ግምት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ላይ ስገምት የኖርኩት የትኛውን እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

የቀኝ ዓይኔ ጥቅምት ላይ ተሠራ። ማደንዘዣ ዓይኔ አካባቢ ብቻ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን ነቅቼ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ መጀመሪያ የገረመኝ ጥራቱ ሳይሆን ሰማያዊው ነው። የነርሷ ሹራብ፣ የበሩ ቀለም፣ ሰማዩ። ቢጫው ሌንስ ሰማያዊን እየዋጠብኝ ኖሯል። ክሎድ ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊም በዚሁ በሽታ ተይዞ፣ ፈርቶ ሲያመነታ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ነው ቀዶ ጥገና የተደረገለት። ዓይኑ ሲደክም የሳላቸው የአትክልት ቦታ ሥዕሎች ቀይና ቡናማ ይበዛባቸዋል። ይህን ድሮ ኮርሱ ላይ ሰምቼው ነበር፤ ያኔ ግን ሰባ ዓመት የሚደርሰው ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሳምንት ካለፈ በኋላ ጠዋት በረንዳ ወጣሁ። ቁራው ጣሪያው ላይ አለ። ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ትንሽ አይደለም፤ አንድ እጅ ኖራ የተለቀለቀ ያህል ነው። ጀርባው ላይ የሰማዩ ሰማያዊ ያንጸባርቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ነው እንግዲህ ለልጅ «የለም» ብዬ በዳቦ ያጠፋሁት።

ቅዳሜ ሚጣ ስትመጣ ሥዕሏን ከመሳቢያ አወጣሁና «ይቅርታ» አልኳት። አያት ለልጅ ልጅ ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት አልተለመደም፤ ቃሉም አፌ ላይ ከብዶኛል። እሷ ግን ሥዕሉን አገላብጣ አየችና የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

«አሁን በተሠራው ዓይንህና ባልተሠራው ለየብቻ ብታየው እንዴት ነው?»

ግራ ዓይኔን ሸፍኜ ነገርኳት። ቀኙን ሸፍኜም ነገርኳት። እሷ ደግሞ አዲስ ካኪ ቆርጣ ሁለት ቁራ ጎን ለጎን ሳለች። አንዱ ነጭ ማጅራትና ስል ምንቃር ያለው፣ ሌላው ከጠርዙ ሁሉ በጣት ታሽቶ ጉም የሆነ። ያንን ጉም ቁራ እንዴት አድርጋ እንዳገኘችው አላውቅም፤ በትክክል እሱ ነው። ሐኪሟ ዘንድ ለክትትል ስሄድ ይዤው ሄጄ አሳየኋት። ከጠረጴዛዋ መስታወት ሥር ልታስቀምጠው ለመነችኝ። ሚጣን ሳልጠይቅ አልሰጥም ብዬ መለስኩት።

የተሻሸውን የድሮውን እንድታስተካክለው ብጠይቃት እምቢ አለች፤ «ይሄ ባለበት ይሁን» ብላኝ መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

የግራ ዓይኔ ከጥምቀት በኋላ ይሠራል ተብሏል። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንስላለን። ካኪው ስላለቀ የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን የውስጡን ንጹሕ ወረቀት መጠቀም ጀምረናል፤ ከካኪውም የተሻለ ከሰል ይይዛል። ቁራው ግን አሁን እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አይመጣም። ሥጋ ቤቱ በጾሙ ምክንያት ዘግቷል።